የሜትሩ ጥፋት

«ካፖርትዎን እዚያ ላይ ጣል ያድርጉት» አለች ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ አሁን የገባው ሰውዬም የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ጣለው። በሁለት ቀን ውስጥ መኪናው የስንቱን ካፖርትና ቦርሳ ተሸክሟል። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታያለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን መርፌዬን ሊሰብሩብኝ ነው ብላ ብድግ ትል ነበር። አሁን ግን ቢሰበርም ባይሰበርም ለእሷ ያው ነው።

እናቷ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሰው ይገባል፣ ያጽናናል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይወጣል። እሷ እጅ ሲዘረጋላት ትጨብጣለች፣ ሲያለቅሱላት አንገቷን ትደፋለች። እንባ ግን እምቢ ብሏታል። «ደንዝዛለች» ብለዋታል፣ አልተሳሳቱም። የገዛ እጇ እንኳ የሰው እጅ ይመስላታል።

በሩ አጠገብ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ። ሹክሹክታቸው ከጩኸት አይተናነስም።

«ምን ሆነው ነው ግን?»

«ወጥ ቤት ውስጥ ከበርጩማ ላይ ወድቀው ነው አሉ።»

«ከበርጩማ? ሰው ከፎቅ ወድቆ ይተርፍ የለ እንዴ?»

«እርጅና ነዋ እንግዲህ።»

ልብስ ሰፊዋ ሰማቻቸው። የገረማት መውደቋ ሳይሆን በርጩማው ነው። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ በርጩማ ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር።

እናቷ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ቁመቷ ለጉድ ስለነበር ተማሪዎቹ «መሰላሌ» ይሏታል። የላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ሲፈለግ እጇን ትዘረጋና ታወርዳለች፣ አለቀ። የሚሏትን ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች፣ ቤት ስትገባ ግን «ዛሬ መሰላሉን ሲያመላልሱት ዋሉ» ብላ ትስቃለች። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ በራሷ ቁመት ያሰቀለችውም እሷ ናት። ልጇ ስኳር ስትፈልግ እናቷን መጥራት ነበረባት።

በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ልብስ ሰፊዋ ለእናቷ አንድ ቀሚስ ትሰፋላታለች። ልኳን የምትጽፈው ደንበኞቿን በምትጽፍበት ደብተር ላይ ነው፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት መቶ አርባ ሁለት። በሚቀጥለው ዓመት መቶ አርባ አንድ። ከዚያ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።

«እማዬ፣ አጠርሽብኝ እኮ» አለቻት ያኔ።

«እኔ የት ሄጄ ነው የማጥረው? ሜትርሽ ነው ያረጀው» አለች እናቷ።

ልብስ ሰፊዋም አመነች። ያረጀ ሜትር ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ሰውን ያሳጥራል። ይሄን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። በዚያው ሜትር በዚያው ሳምንት የለካቻቸው የቆዩ ደንበኞች ልክ እንደ ድሮው መሆኑን ግን ልብ አላለችም። አሮጌውን ሜትር የልብስ ቁልፍ ማጠራቀሚያው ቆርቆሮ ውስጥ ወርውራ አዲስ ገዛች። በአዲሱ ስትለካት መቶ ሠላሳ ሰባት ሆነ። አሁን ሜትሩን መውቀስ አልቻለችም፣ እናቷን ወቀሰች።

«አትጉበጪ፣ ቀጥ በይ እንጂ።»

«ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት።»

«ቀጥ በይ አልኩሽ እማዬ፣ ቀሚሱ ይበላሽብኛል።»

እናቷ እንደ ምንም ተንጠራራች። ጥርሷን ነክሳ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የጻፈችው በዚያ ተንጠራርታ በቆመችበት ያገኘችውን ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ጎረቤታቸው ነርሷ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለችም ሥራዋን ስትጨርስ እየመጣች ታገላብጣት የነበረችው እሷ ናት።

«በርጩማው አይደለም የጎዳቸው» አለች ቀስ ብላ። «አጥንታቸው ሳስቶ ነበር። ደህና አጥንት ቢሆን ሰምበር ብቻ ይዘው ይነሡ ነበር። ዳሌያቸው ሲሰበር ሦስት ሳምንት ተኙ፣ በዚያው ሳንባቸው ታመመ።»

«ምንም አላመማትም እኮ። ወገቤን ከማለት በቀር።»

«ክፋቱ እሱ ነው። አጥንት ሲሳሳ ብዙ ጊዜ አያምም፣ እስኪሰበር ዝም ይላል። ወገቤን ያሉትም ምናልባት ያኔ የጀርባቸው አጥንት እየተሰነጠቀ፣ እየተደፈጠጠ ይሆናል። እሱ ሰው ሳያውቀው ቁመት ይቀንሳል።» ነርሷ ወደ እሷ ዞረች። «ቁመታቸው ቀንሶ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ሻይዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ቆርቆሮውን ከፈተች፣ ከቁልፎቹ ሥር አሮጌውን ሜትር አወጣች። አልጋው ላይ ዘርግታ አዲሱን ጎኑ አስተኛችው። አንድ ላይ አንድ፣ ሃምሳ ላይ ሃምሳ፣ መቶ ላይ መቶ። እስከ ጫፉ ድረስ ክር ታህል ልዩነት አልነበራቸውም። ሁለቱን እያየች ቆመች። አለቅሳለሁ ብላ ጠበቀች፣ አላለቀሰችም።

በማግስቱ አክስቷ እዚያው ጓዳ መጣች። የእናቷ ታናሽ ናት፣ ከቀብሩ ጀምሮ እዚሁ ነው የምታድረው።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ቀሚስ መሬት እየጠረገችልኝ ነው። ሁለት ጣት ያህል አሳጥሪልኝ፣ ሳልደፋ።»

ጥቁሩን ቀሚስ ልብስ ሰፊዋ ታውቀዋለች። ከአምስት ዓመት በፊት የአክስቷ ባል ሲሞት ራሷ ነች የሰፋችው። ጫፉን በስፒል የያዘችው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር። አሁን ጫማዋን ሸፍኖታል።

«ጨርቁ ነው የረዘመው» አለች አክስቷ።

«ጨርቅ ሲታጠብ ያጥራል እንጂ አይረዝምም፣ እትዬ። እስቲ ቁሚልኝ።»

ለካቻት። ቀጥ በይ አላለቻትም። ከዚያ ደብተሩን ገልጣ የአክስቷን ገጽ ፈለገች። መቶ ሠላሳ ሁለት ይላል። አሁን መቶ ሃያ ስምንት ነው።

«ሜትርሽ ይሆናላ!»

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ሰፊዋ የሆነ ነገር ተሰማት። ሐዘን አልነበረም፣ ፍርሃት ነው።

«ሜትሩ ጥፋት የለበትም» አለች። «አላሳጥርልሽም። መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ።»

«እህቴን ቀብሬ ገና አራት ቀኔ፣ የራሴን ጤና ይዤ ልዙር? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ስለ እማዬም ብሏል። እርጅና ነው ብሏል።»

አክስቷ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፣ ሳሎን ገብታም ነገሩን በሆዷ መያዝ አልቻለችም። «አንዲት እጥፋት ለመንኳት፣ እምቢ አለችኝ» አለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «በሐዘኑ አእምሮዋ ተነክቷል መሰለኝ» አለች አንዷ። ልብስ ሰፊዋ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች፣ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

ያን ቀንም የመጣችው ነርሷ ብቻ ወንበሯን ወደ አክስትየዋ አስጠጋች። «እማማ፣ የእህትማማች አጥንት ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ምርመራው አያምም፣ ይተኛሉ፣ መሣሪያው ከላይዎ ያልፋል፣ ይነሣሉ። ሳስቶ ከተገኘም መድኃኒት አለው። ወተቱም፣ ፀሐዩም፣ በእግር መሄዱም ይረዳል። እህትዎ ይሄን የሚነግራቸው አላገኙም።»

አክስትየዋ ሻይዋን አማሰለች። ስኳር አልጨመረችበትም ነበር።

በነጋታው ጠዋት እንግዳ ሳይገባ ልብስ ሰፊዋ ገና ካፖርት ካልተጣለበት የስፌት መኪናዋ ላይ አቧራ ስትጠርግ አክስቷ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ሜትርሽ ውሸታም መሆኑን ላሳይሽ ነው የምሄደው፣ ለሌላ አይደለም» አለች። «ስንመለስ ታሳጥሪያታለሽ።»

«ስንመለስ።»

ከቤት ወጥተው ከፎቁ መውረጃው ደረጃ ላይ ደረሱ። አክስቷ ግድግዳውን ይዛ የመጀመሪያውን ደረጃ ስትረግጥ የቀሚሱ ጫፍ ከጫማዋ ሥር ገባ። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አለች፣ ጫፉን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ላይ ያዘችው። አብረው አንድ ደረጃ ወረዱ፣ ሌላ ወረዱ።

«እንደ ሙሽራ ያዝሽኝ እኮ» አለች አክስቷ ወደ ኋላ ሳትዞር።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን በጣም ጨብጣዋለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም እጇ የራሷ እጅ መሰላት። ምድር ደረሱ።

«ደረጃው አለቀ፣ ልቀቂኝ በይ።»

አልለቀቀቻትም።