የዋኘው ድንጋይ

"ጠላሁት! ሌላ ምን ልበላችሁ?"

ወንጌላዊት ይህን ስትል ታላቅ ወንድሟ ዋኘው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ግቢው መሀል እንዳጎነበሰ ነው። እሁድ ቅስና ሊቀበል ነዋ! የተቀየመው ሰው እያለ ደግሞ አይቀስስም። ይቅር ብላ ድንጋዩን ማውረድ ያለባት እሷ ናት።

"ምነው ልጄ፣" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ማሩ፣ "ላቡን አታይም? አንገቱ ሊሰበርብሽ እኮ ነው።"

"አስራ ሁለት ዓመት ደብተር ተሸክሜያለሁ እኔም። ምን አተረፍኩ?"

እውነቷን ነው። አምና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችን ሊወስድ አውቶብሱ ሲያጓራ፣ ዋኘው ጓዳ ውስጥ ቆልፎባት ዋለ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ታድሮ ነው የሚሰጠው፤ የካህን ልጅ ካምፓስ አታድርም ብሎ። ይኸው አሁን ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የሰው ልጆችን የፈተና መግቢያ ካርድ ፕሪንት ታደርጋለች።

እስካሁን መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙት አባቷ፣ የኔታ ፍቅረ ማርያም፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቃሉን ታውቂዋለሽ? ጠላ የመጣው ጸልአ ከሚለው ግዕዝ ነው። ሰይጣንን ማን እንለዋለን? ጸላኤ ሠናያት። መልካሙን ሁሉ የሚጠላ። ይህን ቃል ነው ለወንድምሽ የምትሰጪው?"

"ከርስዎው ነው የተማርኩት፣ አባ። መማሬ መልካም ነገር አልነበረም? ታዲያ የጠላው ማነው?"

አያ ማሩ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ወንጌላዊት ወንድሟ ፊት ቁጢጥ አለች። "ለቅስናህ ብለህ መጣህ፣ እሺ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን የጓዳውን ቁልፍ ከየት አመጣኸው?"

ዋኘው ቀና እንዳይል ድንጋዩ አለ። ዓይኑ ብቻ በጎን ሄዶ የኔታ ወገብ ላይ አረፈ። የኔታም እጃቸው ሳያስቡት ሄዶ፣ ሁሌ ከመታጠቂያቸው የማይለየውን ቁልፍ ሸፈነ።

"አባ?"

"ለአንቺው ብዬ ነው፣" አሉ ቀስ ብለው።

ወንጌላዊት ተነሳችና ድንጋዩን ከዋኘው አንገት ላይ አነሳችው። ሽማግሌዎቹ "እሰይ!" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ግን መሬት አላስቀመጠችውም። እንዳቀፈችው ወደ አባቷ ዞረች።

ድንጋዩ ይከብዳል። እናንተ ብትሆኑ የት ታስቀምጡት ነበር?