የተሞረደው ስፌት

ጋሽ ብረቱ ብየዳ የሚፈትሸው በአውራ ጣቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያፈጠጠበት ብርሃን ዓይኑን በልቶት፣ ሰው የሚለየው በድምፅና በአረማመድ ከሆነ ሰንብቷል። አውራ ጣቱ ግን እንደ ድሮው ነው። የብየዳው ስፌት ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ ሲያንሸራትተው አንዲት ቀዳዳ፣ አንዲት የተዘለለች ቦታ አታመልጠውም። ከመንካቱ በፊት ግን ሁልጊዜ የምትቀድም ጥያቄ አለችው።

«በረደ?»

የምትመልስለት ልጁ ናት። ብረት ቀልቶ ሲታይ ማንም ይፈራዋል። ክፉው ቅላቱ ከጠፋ በኋላ ያለው ነው፤ ጠቁሮ፣ ጨዋ መስሎ፣ ከቀዝቃዛው ሳይለይ ቁጭ ብሎ እጅ የሚጠብቀው። እሷ የእጇን ጀርባ ጠጋ አድርጋ ትለካለች። «ትንሽ ቆይ አባዬ» ካለች ይቆያል፤ «በርዷል» ካለች ይነካል። ከልጅነቷ ጀምሮ «ጓንቴ» የሚላትም ለዚሁ ነው። ሰፈሩም ስሙን ተቀብሎት ጓንቴ ሆና ቀረች።

የብየዳ ቤቱ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ቶርኖ፣ በሌላው ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ፣ ከኋላ የላሜራ ቁርጥራጭ ክምር፤ መሃል ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ልለፍ ካለ የአንዱ ሱሪ መቀደዱ አይቀርም። መግቢያው አጠገብ በመስታወት የተከለለች ክፍል አለች። ክፍሏ የጓንቴ ታላቅ ወንድም ናት። ጫማ ሲሸጥ ኖሮ ሱቁ ሲዘጋበት «ደንበኛ ላምጣላችሁ» ብሎ መጣ። ማምጣቱንስ አመጣ፤ ምላሱ ቅቤ ነው። ብረት ግን አይነካም፤ ሸሚዙ ላይ ብናኝ ካረፈች እባብ የወደቀበት ሰው ነው የሚመስለው። ጓንቴ «ጋሼ» ትለዋለች፣ ታላቋ ነውና። አባባሏን የሰማ ግን ከስድብ አይለየውም።

እትዬ ጡብን ያመጣቸው የሱ ምላስ ነው። ጡብ እያሠሩ የሚሸጡ፣ ሰውነታቸውም ድምፃቸውም ግዙፍ የሆነ ሴት ናቸው። የፈለጉት ኤሌክትሪክ የማይጠይቅ የእጅ መጭመቂያ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ አፈር ተሞልቶ፣ ረጅሙ ክንድ ተጎትቶ ሲወርድ ጡብ ሆኖ የሚወጣበት።

«መጀመሪያ አንድ ሠርታችሁ አሳዩኝ» አሉ። «ደስ ካለኝ ለሠራተኞቼ ሁሉ አሠራለሁ።»

እሳቸው ሲወጡ ጋሽ ብረቱ ልጆቹን ጠርቶ አስቀመጠ። ዓይኑ ከዚህ ወዲያ እንደማያዛልቀው፣ ቤቱን ለአንዳቸው ማስረከብ እንዳለበት ነገራቸው።

«ናሙናውን ጓንቴ ትሥራው። ከወደዱት ቁልፉ የሷ ነው፤ የቤቱ ኃላፊ እሷ ትሆናለች።»

ወንድሟ ሳቀ። «እኔስ? ለዘበኝነትም አልበቃ?»

«አንተ ታወራለህ» አለው አባቱ። «እሱም ሥራ ነው።»

ጓንቴ ዞር ብላ ቶርኖውን አየችው። ብየዳውን አባቷ ቢያሳያትም ቶርኖውን ማንም አላስተማራትም፤ እያበላሸች፣ እየጣለች፣ ጣቷን እያስነከሰች ብቻዋን የለመደችው ነው። እስከዛሬ ከበሩ የገባ ደንበኛ ሁሉ፣ እሷ የብየዳ ጭንብሏን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ፊቱ ቆማ ሳለ፣ በራሷ ላይ አሻግሮ እያየ «ባለሙያው የለም?» ይላል። ቁልፉ ወገቧ ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ የሚጠይቃትን ታየዋለች።

መጭመቂያውን ስትሠራ እንቅልፏም ሐሳቧም እሱ ሆነ። ሳጥኑን በሞረድ አለሰለሰች፣ ፒኑን በቶርኖ አወጣች። ከሁሉ አብልጣ የተጨነቀችበት ግን ክንዱ ከእግሩ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ነው፤ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እሱን ደርባ ደራርባ በየደችው። የጓንቴ ስፌት የዓሣ ቅርፊት ይመስላል፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተኛ፣ ወፍራም፣ ከብረቱ ገጽ ከፍ ያለ። ከመቶ በያጅ ሥራ መሃል ቢደባለቅ ይለያል፤ የእጅ ጽሑፏ ነው።

ሲበርድ አባቷ አውራ ጣቱን አሳለፈበትና ፈገግ አለ።

«ይሄን እንዳትሞርጂው። ጉልበቱ ከፍ ያለችው ቅርፊት ናት።»

«ለማን ነው የምትነግረው አባዬ?»

ወንድሟ ከመስታወቱ ክፍል ብቅ ብሎ አየው። «ሻካራ ነው» አለ። «የአዞ ቆዳ።»

«ጋሼ፣ ጫማ አይደለም፤ አይወለወልም።»

በማግስቱ አባቷ መኖሪያ ቤታቸው ተኝቶ ሳለ፣ እሷ ለቶርኖው መሽከርከሪያ የሚሆን ኩሽኔታ ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ መጭመቂያው ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ተቀብቶ ጠበቃት።

«እንደ ሙሽራ ኳልኩልሽ» አለ ወንድሟ። «እትዬ የሚገዙት በዓይናቸው ነው። ገና አልደረቀም፣ አትንኪው።»

እጅጌው ላይ የብረት ብናኝ ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነውና ሳቀችበት። «ዛሬ ምን ተገኘ? ሸሚዝህ ጥምቡን ጥሏል እኮ።» እሱ ግን አልሳቀም። ብናኙን አራግፎ ክፍሉ ገባ። እሷም በቀለሙ እየተበሳጨች፣ ስለ ብናኙ ሁለተኛ ሳታስብ፣ ኩሽኔታዋን ቶርኖው ላይ ልትገጥም ሄደች።

እትዬ ጡብ ጠዋት ቀድመው መጡ። መጭመቂያው ወደ በራፍ ወጣ፣ አፈሩ ተሞላ፣ እሳቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጓንቴ ጥጉን ያየችው ያኔ ነው። ቅርፊት የለም። ልሙጥ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሳህን የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ።

«አንዴ ይቆዩ፣ ልየው» አለች።

«ጓንቴ፣ እንግዳ አታስቁሚ» አለ አባቷ።

«አባዬ፣ ጥጉ እኮ…»

«በሰው ፊት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። እትዬ ክንዱን ጎተቱት፤ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የተሳለ ጡብ ወጣ። የሁሉም ፊት በራ። አፈር ጨምረው በሙሉ ክብደታቸው ሲንጠለጠሉበት ጥጉ «ቋ» አለና ክንዱ ተነቀለ። እትዬ ከነክንዱ አፈሩ ክምር ላይ ዘጭ አሉ።

«እኔን የሚችል አልኩ እንጂ እኔን የሚጥል መቼ ወጣኝ?» አሉ እዚያው እንደተቀመጡ።

ወንድሟ ደግፎ እያነሳቸው ቀደመ። «ብየዳው አልያዘም። እኔ እንኳ የለሁበትም፤ ነክቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።» ዓይኑ የጠፋ አባቱ ፊት ቆሞ በዓይኑ ማለ።

«ሞርደኸዋል» አለች ጓንቴ። «ቅርፊቱን በግራይንደር በልተህ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነህ፣ ቀለም ለቅልቀህበታል።»

«ይኸው፣ ጥፋቷን ወደ ሰው ማላከክ ልማዷ ነው።»

እትዬ አቧራቸውን እያራገፉ ሁለቱንም አዩ። «እኔ ብረት አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።»

ጋሽ ብረቱ ቁጢጥ አለ። የተሰበረውን ጥግ በዳበሳ አገኘና አውራ ጣቱን አሳለፈበት። ጣቱ እንደ መስታወት ላይ ተንሸራተተ። ጫፉ ጋ ሲደርስ ስቱኮው በጥፍሩ ስር እንደ ጠመኔ ፍርፍር አለ። ጣቱ እዚያ ቆመ። ያ ጣት ዋሽቶ አያውቅም።

«የጓንቴ ብየዳ ነው» አለ። «ውስጡ አልዘለቀም። ይቅርታ ያድርጉልን፣ እጇ ገና ነው።» ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የወንድ ልጁ ድምፅ ወደነበረበት ዘረጋው። «ሌላ እንሠራለን። ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን በኃላፊነት የሚቆጣጠረው ልጄ ነው።»

«ማንም ይቆጣጠረው፣ ብቻ ይቁም» አሉ እትዬ። ሲወጡም የጓንቴን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «ልጅቷን አትቆጧት። እየሠራች ትለምዳለች።»

ከስብራቱም ከውሸቱም ይልቅ ያቺ መታ መታ አንጀቷን አሳረረችው።

ጣቱም አረጀ ማለት ነው፣ አለች ለራሷ። ቆዳው ደንድኖ አልሰማ ብሎት ነው። ይህን ማሰብ ከሌላው ስለሚቀል እሱኑ ይዛ ሰነበተች፤ ሁለተኛውንም መጭመቂያ ጀመረች። አባቷ ዳቦውን ገምሶ ሲሰጣት ተቀበለች። ወንድሟ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «ቶሎ ቶሎ በይ» ሲላትም «እሺ ኃላፊ» አለች።

የጥጉን ስፌት በጨረሰችበት ከሰዓት ሁለቱም መጡ፤ አባት የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ፣ ልጅ ከኋላው። እሷ ጭንብሏን እንዳጠለቀች ጎንበስ ብላለች። ጋሽ ብረቱ ወደ ልጁ ጆሮ ተጠጋ፤ እሷ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነች ስላላየ ሹክሹክታውን አልመጠነም፤ ቃሉ ሁሉ ተሰማት።

«ይሄኛውን እንዳትሞርደው። ሰምተኸኛል? ቅርፊቱን ተወው።»

«እሺ አባዬ» አለ ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ።

ጓንቴ ጭንብሏን አወለቀች። ጣቱ አላረጀም ነበር።

አባቷ እጁን ወደ ስፌቱ አስጠጋና እንደ ልማዱ አቆመው። «ጓንቴ፣ በረደ?»

ቅላቱ አሁን መጥፋቱ ነው። ጠቁሮ፣ ጨዋ መስሎ ተቀምጧል።

«የቤቱን ኃላፊ ጠይቀው» አለች።

ወንድሟ አየው። ጥቁር ብረት ነው፣ ጭስ የለውም፣ አይቀላም። ኃላፊም ነው፤ አላውቅም ማለት የለበትም።

«በርዷል አባዬ፣ ንካው።»

«ቆይ» የሚለው ቃል ጥርሷ ድረስ መጥቶባት ነበር። ጥርሷን ገጠመችበት።

ጋሽ ብረቱ አልጮኸም። ትንፋሹን ብቻ ወደ ውስጥ ሳበና፣ የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ገና ሳይደርሳቸው፣ ከአፉ አንዲት ስም ወጣች። «ጓንቴ።» ወንድሟ «ውሃ፣ ውሃ» እያለ ቤቱን ዞረው፤ ባልዲው ከቶርኖው ኋላ እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም። እሷ የአባቷን አንጓ ይዛ ወስዳ እጁን ነከረችው። አውራ ጣቱ ጫፉ ነጭ ሆኗል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተስ?»

እጁን ውሃው ውስጥ እንደያዘች አብራው ቁጢጥ ብላ ቆየች። ከዚያ ሽርጧን ሞርሳው ላይ ጣለች፤ በእጇ የሠራችውን ጭንብል ግን ብብቷ ስር ከታ ወጣች። ማንም አልጠራትም።

በራፍ ላይ የጫማዋን ማሰሪያ ስታጠብቅ የአባቷ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«እስቲ አንተ እየው። ስፌቱ እንዴት ነው?»

ወንድሟ ወደ ስፌቱ ጎንበስ አለ።

«ያምራል አባዬ» አለ።