አሜን የሚባልበት ቦታ

የኔታ ኃይለ ሚካኤል ሞጣ ላይ ያልመረቁት ሙሽራ የለም። በ2007 ዓ.ም. የገዛ ልጃቸው ጸደንያ ወደ ቢቸና ልትዳር ስትል ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ተደረጉና ድምፃቸው ጠፋ። ምርቃቱን በወረቀት ጽፈው፣ ወንድማቸውን ጋሽ ፋንታን አስከትለው፣ እኔ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት መጡ።

"ሌላ ሰው ያንብብልህ ብንለው፣ አባቷ እያለሁ ማን ይመርቃታል ብሎ ጻፈ" አሉ ጋሽ ፋንታ። "አንቺ ደግሞ ኮምፒውተር ይናገራል ብለሻል አሉ።"

አፌ ነው ጠላቴ። ይናገራልስ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ፣ ይህን አንብብ ብዬ ጽፌ ኢንተር ስመታ፣ ምርቃቱን ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ቢቸና ቢቸና እያለ ሰው የሚጭን ወያላ ነው የሚመስለው። ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ድምፁን አወፈርኩ። ጉንፋን የያዘው ወያላ ሆነ። የኔታ ግን ይሁን ብለው በእጃቸው አመለከቱ።

"አሜን የምንለው የት ላይ ነው?" አሉ ጋሽ ፋንታ። "አሜን ያልተባለበት ምርቃት መሬት ይቀራል።"

እውነታቸውን ነው። ትእዛዙ ውስጥ በቃልና በቃል መሀል ፋታ የሚሰጥ ቁጥር አለ፤ እሱን ጨመርኩበት።

"ክፉ" አለ ኮምፒውተሩ።

"አሜን" አሉ ጋሽ ፋንታ።

"አይንካሽ" አለ። "እሾህ" አለ።

"አሜን።"

የኔታ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔ ሰው ሲያለቅስ ሆዴ ይባባና እናደዳለሁ።

"ይቀመጡ እንጂ የኔታ፣ የት ይሄዳሉ?" አልኳቸው፤ መምህር ላይ እንዲህ አይጮህም። "እያንዳንዱን ምርቃት ለብቻው እጽፋለሁ። ኢንተር የሚመቱት እርስዎ ነዎት። ካልተሰማ ደግሞ ይቺን ወደ ላይ የምታሳይ ቀስት ተጭነው ኢንተር ይምቱ፤ የመጨረሻውን ትደግምልዎታለች።"

የሠርጉ ዕለት ላፕቶፑን ድንኳን ውስጥ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ጸደንያ ጉልበታቸውን ስማ እዚያው ተንበረከከች። እኔ ጻፍኩ፤ የኔታ መቱ።

"ክፉ አይንካሽ።"

ድንኳኑ በሙሉ አሜን አለ። የኔታ አሜኑ እስኪያልቅ ጠብቀው ቀጣዩን መቱ። ሥራቸው ነው፣ ያውቁበታል። እንዲህ እያልን የመጨረሻው ላይ ደረስን።

"በሄድሽበት ይቅናሽ፣ ልጄ።"

አሜን ተባለ። ውጭ የቢቸናው ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ፤ ሚዜዎቹም ተነሡ። ላፕቶፑን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ የኔታ ገፋ አደረጉኝ። ቀስቷን ተጫኑና ኢንተር መቱ።

"በሄድሽበት ይቅናሽ፣ ልጄ።"

"አሜን" አለች ጸደንያ፣ ብቻዋን።

የኔታ እንደገና ቀስቷን ተጫኑ።