የአበጀ የሕይወት ታሪክ፣ አምስተኛው ረቂቅ

፩

…ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

አዝመራው ይህን ጻፈና ሰረዘው።

፪

አንባቢዬ፣ ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የሚገባው ከታች፣ ከመጨረሻው ላይ ነበር። አዝመራው የሟች የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ተወለደ፣ ተማረ፣ ሠራ፣ ታመመ፣ ሞተ። ዛሬ ግን እስክሪብቶው የታችኛው መስመር ካልተጻፈ ወደ ላይኛው አልሄድም አለው።

አዝመራው ታረቀኝ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። አሥራ ሁለተኛን ቢጨርስም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣለትም። ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል፤ ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ሰው ሲያናግረው ዓይኑ ጣሪያ ላይ ነው። የሰፈሩ እድር ግን አንድ ነገር አይቶበታል፦ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ዓረፍተ ነገሩም ሰው ያስለቅሳል። ስለዚህ ሰው በሞተ ቁጥር ቀብር ላይ የሚነበበውን ታሪክ የሚጽፈውም የሚያነበውም እሱ ነው። እስካሁን ሠላሳ አንድ ሰው ጽፏል።

ሠላሳ ሁለተኛው አበጀ ነው። ጓደኛው።

ሌላ ጓደኛ አልነበረውም።

፫

የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ፣ ከአዝመራው ደብተር

ለቅሶ ቤት ስትገባ ደብተርህን ደብቅ። መጀመሪያ አልቅስ፤ ካልመጣልህ አንገትህን ድፋ።

ሟች ሰካራም ከነበረ «ተጫዋችና ሰው ወዳድ» በል። ሚስቱን ይደበድብ ከነበረ «በሥራው ታታሪ» ብለህ እለፍ። ማንንም የማያናግር ከነበረ «ዝምተኛና ትሑት»።

የልጆች ስም አታስቀር። ቤተሰቡ የማያውቀው ልጅ ካለ የእድሩን ዳኛ ጠይቅ።

የሞቱ ምክንያት ላይ አትቆይ። «ባደረበት ሕመም» በልና መጽናናትን ተመኝ። ሰው እዚያ ሲደርስ ጫማውን ማራገፍ ጀምሯል።

ሟች ወጣት ከሆነና የሞተው በጥይት ከሆነ ደግሞ



፬

ቅዳሜ የሆነው ይህ ነው።

የክልሉ ፕሬዚዳንት ወደ ከተማዋ ይመጣሉ ተባለ። ለድጋፍ ሰልፍ ከየቤቱ አንድ ሰው ስታዲየም ይገኝ ተብሎ ታዘዘ። ሰው ያልላከ ቤት ዘይትና ስኳር ሲመጣ ስሙ አይጠራም። የሃያ ቤት ተጠሪው ጋሽ ቢሻው፣ የአበጀ አባት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤቱ በር ቆመው ዝርዝራቸውን ጠሩ። አቤት ላለ ሁሉ የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ያለበት ነጭ ካናቴራ ሰጡ። አንድ ሰው ሁለት እንዳይወስድ የእያንዳንዱን ስም አንገትጌው ላይ በእስክሪብቶ ጽፈውበታል።

ፕሬዚዳንቱ በአራት ሰዓት ይደርሳሉ ተብለው በስምንት ሰዓት ደረሱ። የስታዲየሙ በር ሕዝቡ እንዳይበተን ከውጭ ተቆልፏል። ንግግሩ እንደተጀመረ ፀሐይ ያዞራቸው ሰዎች ወደ በሩ ገፉ። ጥበቃዎቹ ተኮሱ። ሦስት ሰው ሞተ።

ፕሬዚዳንቱ ንግግራቸውን አቆሙ። ውኃ ጠጡ። ቀጠሉ።

አርባ ደቂቃ።

፭

የሟች መረጃ መሙያ ቅጽ

ስም፦ አበጀ ቢሻው
ዕድሜ፦ ፳፬
ሥራ፦ ብየዳ
የሞት ምክንያት፦ ድንገተኛ ሕመም

ስሙ፣ ዕድሜውና ሥራው በእጅ የተሞሉ ናቸው። የመጨረሻው ግን ከቅጹ ጋር አብሮ የታተመ ነው።

ቅጹን ይዞ የመጣው የቀበሌው አቶ ይርጋ ነው። ሰኞ ጠዋት የአበጀ አስከሬን ከሆስፒታል እንደተለቀቀ በቀጥታ ፎቶ ኮፒ ቤት መጣ።

«ሁለቱን ትናንት ቀበርናቸው» አለ። «በሰላም። ሁለቱም በድንገተኛ ሕመም።»

አዝመራው ጣሪያውን አየ።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምታነበው አንተ ነህ አሉኝ። እዚህ ላይ ያለውን ቃል አንብብ። ከዚያ ያለፈች አንዲት ቃል ከወጣች እኔ ምንም አልልህም። ሌሎች ናቸው የሚሉህ።» ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ።»

፮

ከድንኳኑ፣ ረፋድ ላይ

(አዝመራው ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የሰማውን ጻፈ። ጋሽ ቢሻው ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ የተናገሩት ነገር ስለሌለ እዚህ ውስጥ አይገኙም።)

አቶ ፈለቀ፣ የእድሩ ዳኛ፦ ሰውየው ምን ያድርጉ። ከሥራቸው ያሉት ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት።

ሙጬ፣ የባጃጅ ሹፌር፦ ከሥራቸው ያሉት፣ ከሥራቸው ያሉት። ማን ሾማቸው፣ ጋሼ? እኔ ነኝ?

አቶ ፈለቀ፦ አንተ ካርታህን ጣል።

ሙጬ፦ ጥያለሁ እኮ። ውኃውን ሲጠጡ አይቻለሁ። ጠርሙሱን በራሳቸው እጅ ነው የከፈቱት። ለዚያ ከሥር ያለ ሰው አልፈለጉም።

(አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁን ሳል አስመሰለው።)

እትዬ ስንዱ፣ የአበጀ አክስት፦ ድልድዩስ? ረሳችሁት?

(ካርታ የያዙት ሁሉ ወደ ካርታቸው አጎነበሱ።)

እትዬ ስንዱ፦ እናቱ እናኑ የዚህን ልጅ ታናሽ ልትወልድ ምጥ ይዟት፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ዳሩ ላይ አይደል ያለቀችው? ስንት ሹም መጥቶ ሄደ። ከእሳቸው ሌላ ማን ሠራው? ወንድሜ ፎቷቸውን ግድግዳው ላይ የሰቀለው ወዶ ነው። ማንም አላስገደደው።

ሙጬ፦ እሱን ማን ካደ፣ እትዬ። እንጀራዬ በዚያ ድልድይ ላይ ነው።

እትዬ ስንዱ፦ እንግዲያውስ።

ሙጬ፦ እንግዲያውማ ልጠይቅ፤ ድልድይ የሠራ ሰው ስንት ሰው ይፈቀድለታል?

አቶ ፈለቀ፦ ሙጬ።

ሙጬ፦ ልወቀው ብዬ ነው። ሦስት ነው? ወይስ ገና ቀሪ አላቸው?

እትዬ ስንዱ፦ ይሄ አፍህ አንድ ቀን ያስበላሃል።

ሙጬ፦ አበጀ እንደኔ አፍ አልነበረውም፣ እትዬ። እሱን ምን አስበላው?

(ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ካርታ ብቻ።)

፯

ሬዲዮ፦ «…በሰልፉ ከተገኘው ሕዝብ ብዛት ለመረዳት እንደተቻለው፣ ከከተማዋ ነዋሪ ከመቶ ዘጠና አራቱ ለፕሬዚዳንቱ ያለውን ድጋፍ አረጋግጧል…»*

_____
* ቁጥሩ የተገኘው ከታደለው ካናቴራ ነው። ከሰዓት በኋላ የሞቱት አልተቀነሱም። አበጀ ከዘጠና አራቱ ውስጥ ተቆጥሮ ከሆነ የተቆጠረው በራሱ ስም አይደለም። አዝመራው ግን ተቆጥሯል። አልጋው ላይ ነበር።

፰

አንባቢዬ፣ የደበቅሁብህ ነገር ነበረ። እኔም እንደ አዝመራው ዙሪያውን ስዞር ነው የቆየሁት።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ አበጀ በሩን ደበደበ።

«ተነሳ እንጂ። ሰውየው ይመጣሉ።»

«አልሄድም።»

«ዘይትህስ?»

«ይቅርብኝ። የጀመርኩት ድርሰት አለ፤ ልጨርሰው።»

«ስለ ምን?»

አዝመራው ትንሽ አፈረ። «ስለ አንድ ዓሣ። ድልድዩ ሥር የሚኖር። የሚሻገረውን ሰው ሁሉ በእግሩ ኮቴ የሚለይ።»

አበጀ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። «ለዓሣ ብለህ ዘይት ልታጣ? ከዚያ በምን ልትጠብሰው ነው?»

«ሂድልኝ አሁን።»

«በቃ ተኛ። በስምህ አቤት ብዬ እመጣለሁ።»

«አባትህ አይደሉ የሚጠሩት? ያውቁሃል እኮ።»

«አባቴ የሚያየው ዝርዝሩን ነው» አለ አበጀ። «ሰው አያይም።»

ከነአበጀ ቤት የተቆጠሩት አባቱ ናቸው። አበጀ መሄድ አልነበረበትም።

ዓሣው እስከ ዛሬ አላለቀም።

፱

ሁለተኛ ረቂቅ

…በጥይት ተመትቶ…

ሰረዘው። የፈራው ይርጋን ብቻ አይደለም። የጋሽ ቢሻው ግድግዳም ታየው።

ሦስተኛ ረቂቅ

…የክልሉ ፕሬዚዳንት ንግግር በሚያደርጉበት ሰዓት፣ በተቆለፈ በር…

ቀደደው። ሊውጠውም አስቦ ነበር፤ አልዋጠውም።

አራተኛ ረቂቅ

…በእኔ…



፲

ሰባት ሰዓት ላይ ጋሽ ቢሻው ወደ አዝመራው ክፍል መጡ። ከልጃቸው ድንኳን ወጥተው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ብቻቸውን። እጃቸው ላይ ጥቁር ፌስታል አለ።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

«አልቀመጥም።» ፌስታሉን ያልተነጠፈው አልጋ ላይ አኖሩት። «ሆስፒታል የሰጡኝ ነው። ያንተ ነው።»

ካናቴራው ነበር። አዝመራው አላወጣውም። በፌስታሉ አፍ በኩል አንገትጌው ይታያል፤ በጋሽ ቢሻው ቀጥ ባለ የድሮ ተማሪ ጽሕፈት «አዝመራው ታ.» ይላል። የቀረው ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኗል።

«ጋሼ፣ እኔ…»

«ስምህን ስጠራ አቤት ያለው እሱ ነው። የልጄን ድምፅ አጣለሁ መሰለህ?»

አዝመራው ጣሪያውን ፈለገ። ዛሬ ዓይኑ ወደዚያ አልሄድ አለው።

«ቀና ብዬ አየሁት» አሉ ጋሽ ቢሻው። «ጠቀሰኝ። በልጅነቱ ስኳር ሲሰርቅ እንደሚያደርገው። ቆጣ ብዬ ወደ ቤትህ ግባ ብለው ይገባ ነበር። አላልኩትም። ሃያ ቤት፣ ሃያ ሰው፣ ሞልቶልኝ እንዲታይ ፈለግሁ። ምልክት አደረግሁና ካናቴራውን ሰጠሁት። ሞላልኝ።»

ከውጭ የሰፈሩ ወፍጮ ድምፅ ይሰማል።

«ፎቶውን አወረዱት?» አለ አዝመራው። ለምን ይህን እንደጠየቀ አላወቀም።

«አላወረድኩትም። ቀና ስል እናኑ ትመጣብኛለች፣ ዝቅ ስል አበጀ። ድልድዩን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ባይሠሩት ዛሬ ሬሳውን በየት አሻግረው ነበር?» በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ። «እስቲ ይሄን ለማን ነው የምናገረው።»

«ምን ልጻፍ፣ ጋሼ?»

«ይርጋ ቅጹን አምጥቶልኝ ፈርሜያለሁ። ዓይኔ እያየ፣ በዚሁ ስም በምጽፍበት እጄ። አንተ አልፈረምክም።»

«ቢያስሩኝስ?»

«ሊያስሩህ ይችላሉ።»

አይዞህ አላሉትም። ወጡ።

፲፩

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አስከሬኑ በድልድዩ ተሻገረ።

ተሸካሚዎቹ ስምንት ናቸው። የአሥራ ስድስት እግር ኮቴ። አዝመራው ከኋላ እየሄደ፣ ከሥር ያለው ዓሣ ማን እያለፈ እንደሆነ ለይቶ ይሆን ብሎ አሰበ። ከዚያ እንዲህ በማሰቡ ራሱን ጠላ። ቅዳሜ ጠዋትም ሲያስብ የነበረው ይህንኑ ነው።

ሙጬ ባጃጁን አቁሞ በእግሩ ይከተላል። እትዬ ስንዱ ድልድዩ መሐል ስትደርስ ለቅሶዋን አቆመች፤ ሲያልቅ ቀጠለች።

፲፪

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። ዘጠኝ ሰዓት። አዝመራው ድንጋይ ላይ ወጥቶ አምስተኛውን ረቂቅ ዘረጋ። አቶ ይርጋ ወይራው ሥር ቆሟል፤ ከአጠገቡ የሰፈሩ ሰው የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች አሉ። ለቅሶ የመጡ አይመስሉም፤ ነጠላ አልያዙም።

አነበበ።

«ወጣት አበጀ ቢሻው ከአባቱ ከአቶ ቢሻው ወርቁና ከእናቱ ከወይዘሮ እናኑ ደስታ በዚህችው ከተማ ተወለደ። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማረ። ከዚያም ብየዳ ለምዶ፣ የብዙዎቻችንን በር የሠራው እሱ ነው። ቀልደኛ ነበር። ሰው ተቸግሮ ሲያይ ሳይጠየቅ ይገባበታል። ወጣት አበጀ በተወለደ በሃያ አራት ዓመቱ፣ ቅዳሜ ዕለት፣»

ድምፁ ቆመ።

ሰው መጀመሪያ እያለቀሰ ነው ብሎ ጠበቀው። ከዚያ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። አቶ ፈለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይርጋ ከወይራው ሥር አንድ እርምጃ ወጣ፤ ሁለቱም አብረውት ወጡ። ወረቀቱ ላይ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለው ቦታ ነጭ ነው። አምስተኛው ረቂቅ እዚያ ድረስ ነው የተጻፈው።

ያን ጊዜ ከመቃብሩ አፍ፣ ከአፈሩ ክምር አጠገብ፣ ጋሽ ቢሻው ቀና አሉ። ወረቀት አልያዙም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ዝርዝር በሚጠሩበት ድምፅ፣ ሳይጮኹ፣ ለሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣

«አዝመራው ታረቀኝ» አሉ።

ቅዳሜ ለዚህ ስም መልስ የሰጠው ሰው ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ሰው ሁሉ ድንጋዩ ላይ ወደቆመው ዞረ።

«አቤት» አለ አዝመራው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቅጹ ላይ የሌለውን በቃሉ ቀጠለ።

፲፫

«…በተወለደ በሃያ አራት ዓመቱ፣ ቅዳሜ ዕለት፣

________________________________

________________________________