በመስኮቱ ብረት በኩል

አቢጋኤል አባቷን በስልክ ስታወራው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ታስቀዋለች፣ ታበሽቀዋለች፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቁ ውስጥ ያለውን ብስኩት በየስሙ ታስጠራዋለች። ለዚህ ነው ያን ቀን ቤታቸው ገብቼ ያየሁትን ማመን ያቃተኝ።

አባቷ ጋሽ ሆሴዕ ከመጣ ሳምንት አልፎታል። ሳሎን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «እሺ የኔ ልጅ፣ በላሽ ወይ?» ይላል። «በላሁ አባዬ፣ አንተስ?» የሚል መልስ መጣ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ነው የተሰማኝ፤ አንዴ ከስልኩ፣ አንዴ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ማዶ። የአንድ ግድግዳ ርቀት ላይ ሆነው እየተደዋወሉ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የኔ አፍ ደግሞ ተከፍቶ ዝም ብሎ አያውቅም።

«እንዴት ዋሉ ጋሽ ሆሴዕ» አልኩ።

ስልኩን ዘጋና «ደህና ነሽ» አለ፤ ለኔ ሳይሆን ለምንጣፉ። ከዚያ ወጣ።

መኝታ ቤት ገብቼ አቢን «አብደሻል?» አልኳት።

«ምን ላድርግ ሳምሪ። ስልክ ላይ እኮ ትንሽ ነው፣ መዳፌ ላይ ይገባል። እዚህ ሲቆም ጣሪያ ሊነካ ይደርሳል። ማን እንደሆነ አላውቀውም።»

እውነቷን ነው። አንደኛ ክፍል ሳትገባ ሄዶ አሁን አስራ ሁለተኛ ጨርሰን ውጤት ስንጠብቅ የመጣ ሰው ነው።

«ከያሆዴ በዓል በኋላ እመለሳለሁ ብሏል» አለችኝ። «እንዳይሄድ ልነግረው እፈልጋለሁ። በስልክማ ስንቴ ብዬዋለሁ። 'እሺ' ይልና ኔትወርክ ይጠፋል። ፊት ለፊት ካልኩት ግን እምቢ አይለኝም።»

«በይ ንገሪው።»

«አልችልም አልኩሽ እኮ።»

እንዲህ ነው አሰልጣኝ የሆንኩላችሁ። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ ማይክ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ የማነበውን የምትጽፈው ደግሞ አቢ። ተማሪውን ሁሉ ያሳቀው ቀልድ የሷ ነው። ማይኩን ልስጥሽ ስላት ግን ሽንት ቤት ትገባለች።

ልምምዱን ከባጃጅ ሹፌር ጀመርን። ሹፌሩን አንድ ነገር ሳትጠይቂ አትወርጂም አልኳት። የመጀመሪያውን «መሪው ይከብዳል?» አለችው፤ ሰውዬው ዞሮ አያት። ሌላ ቀን ጫማ ቤት አስገባኋትና የማትገዛውን ጫማ አስለካኋት። አይን ማየት ካቃተሽ ቅንድብ እዪ፣ ቅንድብ ማንንም አያስፈራም አልኳት።

«የአባዬን ቅንድብ አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ። በቃ አፍንጫውን እዪ።»

ቀስ በቀስ ለመደች። አንዱን የባጃጅ ሹፌር እንዲያውም በጣም አስቃው መውረጃችንን አሳለፈን። ደርሳለች ብዬ ሙሉ በሙሉ አመንኩ።

እናቷ እትዬ ገነቴ አተካና የሚባለውን የቡላ ምግብ የሰራች ቀን ራት ጠሩኝ። ቅቤው ጠርዙ ድረስ ሞልቷል። ከጠረጴዛው ስር አቢን በእግሬ ነካኋት። አቢ ቀና ብላ «አባዬ» አለች። ጋሽ ሆሴዕ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሁላችንም ጠበቅን።

«ውሃ ልጨምርልህ?» አለች።

እሱ ራሱን ነቀነቀና ተነስቶ በረንዳ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የአቢ ስልክ ጮኸ። አሳየችኝ። «ምን ልትይኝ ነበር?» ይላል። ከበረንዳ ነው የጻፈው። እኔ ላዬ ላይ ውሃ የፈሰሰብኝ ያህል ነው የደነገጥኩት። ለካስ ያለማመድኩት አንዷን ብቻ ነው። እሱም አይችልም።

በማግስቱ ከዱራሜ በኩል አቮካዶ የምታመጣ ሴትዮ በአጥራቸው በር ገብታ ሳሎኑ መስኮት ስር ቆመች። መስኮቱ እንደማንኛውም ቤት የብረት ፍርግርግ አለው። እኔና አቢ ጓዳ ነበርን። «ጌታው፣ አቮካዶ» ስትል ሰማን። ከዚያ ሳቅ መጣ። የወንድ ሳቅ። አጮልቀን አየን። ጋሽ ሆሴዕ ክንዱን ብረቱ ላይ አስደግፎ «ይሄማ ድንጋይ ነው፣ ቤት ልሰራበት ነው?» ይላታል። ሴትዮዋም «ጥርስ ካለህ ትበላዋለህ» ትለዋለች። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፣ የልጆቿን ስም አንድ በአንድ ጠየቃት። እኛ ግድግዳ ተደግፈን ተያየን።

እትዬ ገነቴ ከኋላችን «እዚያ ደቡብ አፍሪካ እኮ ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው» አለች በቀስታ። «ሌባ ስለሚፈሩ በሩን አይከፍቱም። ሰው የሚያወራው በብረት በኩል ብቻ ነው።»

አቢ ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠብቃ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ በጓዳው በር ወጣች። ወዴት እንደሆነ የገባኝ መስኮቱ ጋ ብረቱ በጣት ሲመታ ስሰማ ነው።

«ባለሱቅ» አለች። በሃዲይኛ ነው። እኔ እዚሁ ስላደግኩ እሰማለሁ፤ ሳወራ ነው የሚስቁብኝ።

ጋሽ ሆሴዕ ቆሞ አያት። «ምን ልስጥሽ?» አለ።

«ዳቦ አለ?»

«አልቋል።»

«ስኳርስ?»

«ስኳርም የለም።» ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

አቢ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች። «አባዬ፣ አትሂድ።»

በቃ፣ አለችው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እሱም ብረቱን ያዘ።

«የት እሄዳለሁ» አለ። «ሱቁ የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም?»

«ዘርፈው አቃጠሉት። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«መደርደሪያው ይታየኝ ነበር እኮ። ሰማያዊ ቀባሁት ያልከኝ።»

«የጓደኛዬ የዋለ ነው እሱ። ዋለ አብሮኝ የሄደው። የምደውልልሽ የሱ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነበር። የምሰራውም ለሱ ነው።»

ትዝ አለኝ። መደርደሪያው አረንጓዴ ነበር። ሰማያዊ የሆነ ሰሞን እኔም ከአቢ ጎን ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ቀለሙ ያምራል ብለን ነበር።

«ለምን አልነገርከንም?»

«በስልክ መዋሸት ይቀላል» አለ። «ስመጣ ግን ፊቴን ታዪዋለሽ። አፌን ከከፈትኩ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። እመለሳለሁ ያልኩትም ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ስለጠፋኝ ነው።»

ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁና ዞርኩ። እትዬ ገነቴ ሳህን እንደያዘች ቆማለች። እሷም አታውቅም ነበር። ፊቷን ሳይ የምለው ጠፋኝ፤ እኔ፣ ሳምሪ።

አቢ ከውጭ «ዳቦ የለም፣ ስኳር የለም፣ ሱቅም የለም» አለች። «ምን ዓይነት ባለሱቅ ነህ ታዲያ? በሩን ክፈትና ና።»

ጋሽ ሆሴዕ ሳቀ። ያ የስልኩ ሳቅ ነው። ወደ በሩ ዞረ፤ እትዬ ገነቴ ግን መንገዱ ላይ ቆማለች።

«ለሷ በመስኮት ነግረሃታል» አለችው። «ለኔ እዚህ ቁጭ ብለህ ነው የምትነግረኝ።»

ወንበር ሳበችለት። ተቀመጠ። እኔ በጓዳ ሾልኬ ወጣሁ።

አቢ አሁንም ብረቱን እንደያዘች ነው። «አይሄድም፣ ይቀራል» አለችኝ። ደስ ብሏት ይሁን ልታለቅስ አላወቅኩም፤ ፊቷ ላይ ሁለቱም አሉ።

«አፍንጫውን ነው ያየሽው?»

«አይኑን» አለች።

አጠገቧ ቆምኩ። ከውስጥ የጋሽ ሆሴዕ ድምፅ ይሰማል። ስልኩ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።