አርባኛው ዓረፍተ ነገር

የገዛ እናት ወረፋ ይዛ ብትመጣ ምን ተብላ ትስተናገዳለች? የሱፐርማርኬቱ መመሪያ አርባ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለዚህኛው ግን መልስ የለውም። ልጅቷ ካሸር ናት። የሰውን ዘይት፣ የሰውን ሳሙና፣ የሰውን ዳቦ በማሽኑ ላይ እያሳለፈች ወረፋውን በጎን ዓይኗ ታያለች። አራተኛዋ እናቷ ናት። የያዘችው አንዲት ክብሪት ብቻ ነው።

"እማ!" አለች በሆዷ።

ጮክ ብሎ ማለት አይቻልም። እዚህ ሱቅ ካሸር ከእንግሊዝኛ በቀር ትንፍሽ አይልም። "በእንግሊዝኛ ዋጋ ቀንሱ ብሎ የሚከራከር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?" ይላል ባለቤቱ። እውነቱን ነው፣ ሰዉ ሁሉ አፍሮ ይከፍላል። ሠራተኛው "ጆሮ" የሚል ስም ያወጣላት ተቆጣጣሪ ከካሸሮቹ ኋላ እየተንጎራደደች ታዳምጣለች። ያ አልበቃ ብሎ ባለቤቱ ደንበኛ መስሎ የሚሰልል ሰው ይልካል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በእሱ ጦስ ሁለት ልጆች ተባረዋል። የእሷ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ የሚያልቀው ነገ ነው።

እነዚያን አርባ ዓረፍተ ነገሮች ያጠናችው ከእናቷ ጋር ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናውን መክፈያ፣ ቁልፉንና ክሩን ሸቀጥ አድርገው፣ እናት ደንበኛ ልጅ ካሸር ሆነው አንድ ወር ከረሙ። እናት እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች "ዬስ፣ ፕሊስ" ስትል ለጉድ ነበር። አልዋጥ ያላት የመጨረሻው፣ አርባኛው ብቻ ነው።

"ኔክስት፣ ፕሊስ።"

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የሚቀጥለው ይምጣ ማለት ነው።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ከፍለሽ ጨርሰሻል።"

"ውይ! እንደ ዶሮ እሽ ማለት ነዋ! ሰው ገና ቦርሳውን ሳይዘጋ!"

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሥራው ተገኘና ሳቁ አለቀ። ልጅቷ ለሱቁ የሚቀርብ ክፍል ተከራየች። የእናቷን ዓይን ሞራ ጀምሮት ስለነበር፣ "ክር በመርፌ ማን ያስገባልኛል?" አለቻት እናት። "ሰው ቅጠሪ" አለች ልጅ። ወዲያው ቆጫት፤ ግን ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም።

ወረፋው ተንፏቀቀ። ከእናቷ ኋላ አንድ መነጽራም ሰውዬ በትንሽ ደብተር ላይ የሆነ ነገር ይጭራል። ሰላዩ ይሄ ነው አለች ልጅቷ በሆዷ።

እናቷ ደረሰች። ክብሪቱን አስቀምጣ አንገቷን ቀና አደረገች።

"ጉድ ሞርኒንግ። ሃው ማች?"

አልረሳችውም። ልጅቷ ዋጋውን በእንግሊዝኛ ነገረቻት። የእናትየዋ እንግሊዝኛ እዚያ ላይ አለቀና ወደ ፊት ጠጋ አለች።

"ነገ ጠዋት ሞራውን ሊያወጡልኝ ነው። ዛሬ ከሰዓት ሆስፒታል ገብቼ እዚያው ላድር ነው። ዘመድ ካልፈረመ አንነካሽም ብለውኛል። ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ? ትመጫለሽ?"

የጆሮ ጫማ ከኋላ ቀጭ ቀጭ እያለ ቀረበ። ሰውዬው እስክሪብቶውን አነሳ።

"ካሽ ኦር ካርድ?" አለች ልጅቷ።

"ክብሪት በካርድ!" እናቷ ሳንቲሟን አወጣች። "እሺ፣ አትናገሪ። አንገትሽን ነቅንቂልኝ። አንገትም እንግሊዝኛ አስተምሩት እንዴ?"

የልጅቷ አንገት ደርቆ ቀረ። ነገ ተረኛ ናት። በሙከራዋ የመጨረሻ ቀን የቀረች ካሸር ከነገ ወዲያ ሥራ የላትም፣ የክፍሉም ኪራይ የለም። ቋንቋው ብቻ ቢሆን ያሰራት በቀለላት ነበር፤ እሷ ግን መልሱን በየትኛውም ቋንቋ አታውቀውም። ደረሰኙን ስትሰጥ መርፌ ያደነደነው የእናቷ ጣት እጇን ነካት። ነክቶም ቆየ። ያኔ አፏ የለመደውን ተናገረ።

"ኔክስት፣ ፕሊስ።"

እናቷ ቦርሳዋን ዘጋች።

"እሱንማ አውቀዋለሁ" አለች ረጋ ብላ። "እኔው አይደለሁ ያስጠናሁሽ።"

ሄደች። የመስታወቱን በር እጀታ በመዳፏ ስትፈልግ፣ አንዴ ስትስተው፣ ደግማ ስትዳብስ፣ ልጅቷ ከወንበሯ ሆና አየቻት። የካሸሩ መውጫ ሰንሰለት ጉልበቷን ይነካል፤ ግን አላነሳችውም።

መነጽራሙ ሰውዬ ዕቃውን ደረደረ። በደብተሩ ላይ "ሽንኩርት" የሚለውን ሰርዞ፣ "ሳሙና ረሳሁ፤ ሚስቴ ዛሬ ትገድለኛለች!" አለ በአማርኛ። ቀና ብሎ አያትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናትሽ ናቸው እንዴ?"

"ካሽ ኦር ካርድ?"

ጆሮ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። "ቬሪ ጉድ" አለቻት።

የሠራተኛ ስልክ እስከ መውጫ ሰዓት ተቆልፎበት ይቆያል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኳን ተቀብላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባች። እዚያ ቆማ ነው እናቷ ጋ ለመሄድ የወሰነችው፤ ክፍሉም ሥራውም እንደ ፍጥርጥራቸው ይሁኑ። ደግሞ ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አላት። ሆስፒታሉ የትኛው እንደሆነ አልጠየቀችም። በምን ቋንቋ ትጠይቅ!

ደወለች፤ አይነሳም። እናቷ ፊደል እንደማይታያት ስለምታውቅ ድምፅ ቀዳች። መልሳ ብታዳምጠው የካሸሯ ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ። አጠፋችው። ሁለተኛውንም አጠፋች። በሦስተኛው፦

"እማ፣ እመጣለሁ። እፈርማለሁ። የት ነው የገባሽው? የት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።"

ላከችው። መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። ፌርማታው ጋ ሁለት አውቶቡሶች ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው ቆመዋል፤ በሁለቱም መንገድ ሆስፒታል አለ። ስልኳን ጨብጣ መካከል ላይ ቆመች። አንዱ ሄደ። ሌላውም ሄደ። ለዚያ መልእክት መልስ አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።