አመድ የሸፈነው አክታ

ፀሐይቱ የአማቷን ሳል ለምዳዋለች፤ አክታቸውን ግን አልለመደችውም። አቶ ጀቤሳ አልጋቸው ሥር ያለው ጣሳ ላይ እንትፍ ባሉ ቁጥር፣ እሷ ጓዳ ሆና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥጥ ብናኝ ውስጥ ሠርተው ከዚያ ይዘውት የወጡት ይህን የማይለቅ የሳንባ በሽታ ነው። ባሏ ፈየራ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ወደ ድሬዳዋ ከወረደ ሰንብቷል። አባቱን ለእሷ ትቶ ነው የሄደው።

ጣሳው ውስጥ ፀሐይቱ አመድ ትነሰንስበታለች። እንግዳ ሲመጣ እንዳይታይ፣ እንዳይሸት። ምራት ፊት ነውር ስለሆነ አቶ ጀቤሳም ተፍተው ሲያበቁ አመድ ቆንጠር አድርገው ይጨምሩበታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይቱ ፊቷን አዙራ ወንዙ ዳር ትደፋዋለች። ወንዙም ይገማል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስጠላት መለየት ያቅታታል።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ታደሰ ክረምቱን ነግሯት ነበር። «አክታቸውን እዪ። ነጭ ከሆነ የወትሮው ነው። ከበዛ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ትንፋሻቸውም ከወትሮው ካጠረ፣ በሽታው ተነሥቶባቸዋልና ሳታሳድሪ አምጫቸው።»

«እሺ» ብላ ወጣች። ማን ሊያይ!

ዛሬ ጠዋት ስትገባ አማቷ ቁጭ ብለው እንዳደሩ አየች።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«ደኅና... እ... ግዜር... ይመስገን።»

ጎረቤቷ አሰጋሽ ከበሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ብርድ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጭሺላቸው» አለች።

«በዚህ ትንፋሽ ላይ ጭስ?»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው? አክታ ልትመረምሪ?» አሰጋሽ እየሳቀች ሄደች።

ፀሐይቱ ጣሳውን አነሣች። አመድ ብቻ። ነጭ ይሁን አረንጓዴ፣ ትናንት ይሁን ከትናንት ወዲያ የተለወጠ፣ የሚያስታውቅ ነገር የለም። እንዳታይ ብላ በገዛ እጇ ስትሸፍነው ነው የኖረችው። አሁን የቀፈፋት ጣሳው ብቻ አልነበረም። ነጩን የብረት ኩባያ አመጣች።

«አባባ፣ እዚህ ላይ ይትፉልኝ።»

«አብደሻል? የልጄ... ሚስት...»

«ልጅዎ እዚህ የለም፤ እኔ ነኝ ያለሁት። ይትፉ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሳሉና ተፉ። ፀሐይቱ አየች። ወፍራም ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ኩባያው ላይ ይለጠጣል። ጓሮ ሮጣ አስመለሳት፤ አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰች።

«ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፤ ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ያድርጉ። ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ትንፋሽዎን በከንፈርዎ ቀስ አድርገው ያውጡት። እኔ ጋሪ ልጥራ።»

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አቶ ታደሰ ኩባያውን ገልጦ እንደ ወጥ አየውና መርፌውን አዘጋጀ። «ነገ ብትመጪ ኖሮ እኔም ላድናቸው አልችልም ነበር» አላት።

ከሰዓት በኋላ የአቶ ጀቤሳ ደረት ረገብ አለ።

«ፀሐይቱ።»

«አቤት አባባ።»

«ከእንግዲህ እንዴት አድርጌ ከእጅሽ እበላለሁ?»

ንግግራቸው ሳይቆራረጥ ነው የወጣው።

«እኔም ዛሬ እህል አይገባልኝም» አለች። «ነገ ግን እንበላለን። ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ይተፉልኛል፤ አያለሁ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አስጠሊታ ሴት ነሽ።»

«ነኝ፤ አሁን ቀስ ብለው ይተንፍሱ።»